የአያሌው ማሰሮና የሰይድ ባትሪ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ ባትሪዋ ደክሞ ቀጥ አለች። ሹፌሩ «እማማ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ወርዶ እየገፋ ወደ አንድ ባትሪ ቤት ወሰደኝ። የእነሱ ሁለት ደቂቃ ስንት እንደሆነ ስለማውቅ ዘንቢሌን ይዤ ወረድኩ። ባትሪ ቤት የሚሉት በሩ ገርበብ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ውስጡ መሬት ላይ የተደረደሩ ባትሪዎች፣ የተጠላለፈ ሽቦና ላቡ የሚንቆረቆር ጎልማሳ አለ። አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ያ ጎምዛዛ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ተቀበለኝ። «ኧረ በሩን ክፈተው!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ደነገጠ። «አቧራው እኮ ነው እማማ» አለኝ። «አቧራውን ታራግፈዋለህ፤ ክፈተው!» ብዬ ራሴ በሩን በዘንቢሌ ገፋ አደረግሁት። ምን ዓይነት አሮጊት መጣችብኝ ሳይል አልቀረም። ውጭ የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ባጃጁ ተሠራ አልተሠራ ግድ አልሰጠኝም፤ እኔ መተማ ዮሐንስ ገብቼ ነበር፤ ያውም የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ሆኜ።

ያኔ መተማ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቀዱት ሻይ ሳይበርድ የምትዳረስ ከተማ ነበረች። ሳር ክዳን ቤት፣ አልፎ አልፎ ቆርቆሮ፣ መሀል ለመሀል ሎሪ የሚንገዳገድበት መንገድ፣ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ጓደኛውን ሻይ ጋብዞ ይመለሳል፤ ከርከዴ የፈለገ ደግሞ ድልድዩን ተሻግሮ በረዶ የገባበትን ይጠጣል። በረዶ! እኔ ከደጋ፣ ከዳባት በኩል የመጣሁት ሴት በዚያ ሙቀት መሀል መጀመሪያ በረዶ በእጄ የያዝኩት ገላባት ነው። ወንዱ ቦላሌ ሱሪውን እያንዘረፈፈ፣ ካኪ የለበሰውም ኪሱን በእስክርቢቶ እየሞላ ይሄዳል። እኛ ሴቶቹ የደጋ ቀሚሳችንን ከውስጥ አድርገን የሱዳን ቶብ ከላይ እንጠመጥምበታለን። የኔ ቶብ ቢጫ ነበር፣ አረንጓዴ አበባ ያለበት፤ ስሄድ ነፋስ ሲገባበት ራሴን ትልቅ እመቤት አድርጌ እቆጥር ነበር። ኮንጎ ጫማ በግንቦት ፀሐይ እግር ላይ ይለሰልሳል። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ የሱዳን ዘፈን ይለቀቃል፤ ቃሉን የማይሰማው ሁሉ ዜማውን ያንጎራጉረዋል። ስብሰባ ብዙ ነበር፣ መፈክርም ብዙ ነበር፤ ማን መጣ ማን ሄደ የሚለውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው የመንገዱን ጥግ ነው፤ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ትልቁ ቁርቁራ ዛፍ ያለበት ጥግ፣ የባሌ የአያሌው ቤት።

አያሌው ወርቅ ሠሪ ነበር። አባቱ ጎንደር ከተማ ስመ ጥር ወርቅ ሠሪ ነበሩ፤ እሱ ቆላ የወረደው ሰሊጥ ባለበት ገንዘብ አለ፣ ገንዘብ ባለበት ደግሞ ጆሮ ጉትቻ የሚፈልግ አይጠፋም ብሎ ነው። አልተሳሳተም። ከጎጃምም ከወሎም ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ሰሊጡን አጭዶ፣ ነዶውን «ሂላ» የሚሉት ክምር አድርጎ አቁሞ፣ አራግፎ ሲጨርስ በኪሱ ብር ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። ችግሩ አያሌው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሱዳን ነጋዴዎች ማግኘታቸው ነው። የወርቅ ቅብ አምባር፣ የወርቅ ቅብ ሰዓት፣ የወርቅ ቅብ አዝራር፣ የወርቅ ቅብ መነጽር ሳይቀር በጨርቅ ላይ ዘርግተው ይጠብቁታል። በዚያ ፀሐይ የሚያብረቀርቀውን ላየ ሰው ነሐስ ላይ የተቀባ ነው ብሎ መጠርጠር ከባድ ነበር።

አንድ የጎጃም ሰው አስታውሳለሁ። አምባሩን በመሐረብ ጠቅልሎ መጥቶ «ለእናቴ ነው፣ እስቲ እየኝ» አለው። አያሌው በመፈተኛ ድንጋዩ ላይ ጫር አደረጋት፣ አሁንም ጫር አደረጋት፣ ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት አየ። «ቅብ ነው ወንድሜ» ለማለት ያን ያህል የሚቸገር ሰው አላየሁም። ሰውየው ቁጭ አለ፤ አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ መሐረቡን አጣጠፈ። አያሌው ተነሥቶ የራሱን የብር ቀለበት ከሳጥን አውጥቶ «ይቺ ግን እውነተኛ ብር ናት፣ ለእናትህ ውሰድላት፤ ያችን ነሐስ ለኔ ተዋት» አለው። እኔ ከጓዳ ሆኜ አየሁት። ሰውየው ከሄደ በኋላ ስንቱን እንዲህ እያልክ ትችለዋለህ ብዬ ተቆጣሁ። ውስጤ ግን እንዲያ ዓይነት ሰው በማግባቴ ደስ ብሎት ነበር፤ አልነገርኩትም።

ቅቡን እንዲህ እንዲህ እያለ በአንድ ጣሳ ያጠራቅማል። ጣሳው ሲሞላ ወርቁን ከነሐሱ ይለያል፤ የሚለየውም በአባቱ ማሰሮ ነው። ጥቁር፣ አንገቷ የተሸረፈ የሸክላ ማሰሮ ናት። ከገላባት በኩል የሚመጣውን፣ ሱዳኖቹ የእሳት ውሃ የሚሉትን አሲድ ቅቡ ላይ ያፈስበታል። ነሐሱ እየተንተከተከ ይሟሟል፣ ወርቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይቀራል። ሲሟሟ ታዲያ ቀይ ጭስ ይወጣዋል፤ እሳት የሌለበት ቀይ ጭስ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በር ተዘግቶ፣ የበሩ ሽንቁር ሁሉ በጨርቅ ተወትፎ ነው። ምክንያቱም በወርቅ ሠሪዎቹ ልማድ ወርቅ ሲለይ የሰው ዓይን ማረፍ የለበትም፤ ዓይን ካረፈበት ይሸሻል፣ ይጎድላል። ወርቁ ቀልጦ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ለሚስትም አይነገርም። አባቱ እንዲያ አደረጉ፣ እሱም እንዲያ አደረገ። አባቱ በሃምሳ ዓመታቸው እየሳሉ እንደሞቱ ነግሮኛል፤ ሳሉንና ማሰሮዋን ግን አንድ ቀን አያይዞ ሲያወራ አልሰማሁም።

ስንጋባ የአያሌው ሳቅ ነው የማረከኝ፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ብናገረው ምን እሆናለሁ። ከሆዱ የሚነሣ፣ ትከሻውን የሚያነቃንቅ፣ ቶሎ የማያልቅ ሳቅ ነበረው። መተማ በገባን በሦስተኛው ዓመት ያ ሳቅ መሀል ላይ ይቆረጥ ጀመር። ይስቃል ይስቃል፣ ከዚያ ሳል ይነጥቀዋል፤ ሳሉ ሲያልፍ ያስቀው ነገር ተረስቶ ዓይኑን እየጠራረገ ይቀመጣል። ቆይቶ ጭራሽ መሳቅ ፈራ። ቀልድ ሲሰማ ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን ያዞራል። እኔ የበኩር ልጄን አርግዤ ነበር። ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ጀርባው ላይ ጆሮውን አሳርፎ ሲያዳምጥ ቆየና ምን እንደሚሠራ ጠየቀው፤ ሲሰማም «አያሌው፣ ያን ጭስ ካልተውክ የሚወለደውን ልጅ አታሳድግም» አለው፣ እፊቴ። መንገድ ላይ አያሌው «ድሬሰር ስለ ወርቅ ምን ያውቃል» እያለ ሄደ። እኔ ቶቤን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እያለቀስኩ ከኋላ ተከተልኩት።

ሰይድ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የወሎ ሰው፣ ከእኛ ጠና ያለ፣ በአብርሃ ጅራ በኩል ካለ እርሻ የትራክተር ባትሪ የሚጠግን። እጀ ጠባቡ ሁሌም ትንንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ አሲድ እየተረጨበት ነው። የተሰበረ ቀለበት ሊያሠራ መጣና ከበራችን ደረሰ። አያሌው ዘግቶ ማሰሮው ላይ ነበር። እኔ ደጅ ቆሜ «ቆዩ ጌታዬ፣ ሥራ ላይ ነው» ስለው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀሰረ፣ ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን ቀይ ጭስ አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይል በሩን በእግሩ በረገደው። አያሌውን በብብቱ ይዞ እየጎተተ አወጣው።

«ሰውየ፣ በቁምህ ልትሞት ነው ወይ?» አለው።

አያሌው እየሳለ «ዓይንህን... ዓይንህን አስገባህበት! ወርቄን አባረርክብኝ!» ይላል።

«ወላሂ ወርቅህ አይደለም የሄደው፣ ሳንባህ ነው።»

ተሰዳደቡ። እኔ መሀል ገብቼ ውሃ ሰጠኋቸው። ውሃውን ጠጥተው እንደገና ተሰዳደቡ። እንዲህ ሆነው ነው ወዳጅ የሆኑት። ሰይድ ዐርብ ዐርብ በእርሻው መኪና ሲመጣ በጁምዓው መልስ ከእኛ ዘንድ ያርፋል፤ ለእሱ የብቻው ብርጭቆ ነበረችው።

ከእነዚያ ዐርቦች በአንዱ ነው ስለ ባትሪው ያወራው። ሰይድ ዱሮ አዲስ አበባ ብረት የሚቀባ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቷል፤ የተበላሸውን ቅብ የሚያወልቁበትን መንገድ እዚያ አይቷል። «ባትሪ ውስጥ የምንጨምረው አሲድ ካንተ የእሳት ውሃ ሌላ ነው» አለ። «ውሃ ሳይነካው፣ እንደ ወፈረ፣ ትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ታደርገዋለህ። በአንድ ወገን እርሳስ ታጠልቃለህ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ታያይዘዋለህ። በሌላው ወገን ቅቡን በመዳብ ቅርጫት አድርገህ ታጠልቃለህ፣ ከፖዘቲቩ። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ወርቁን ብቻ ልጦ ወደ ታች ያወርድልሃል፤ ነሐሱን እምብዛም አይነካው። ቀይ ጭስ የለ፣ ምን የለ።»

«በር ይዘጋል?» አለ አያሌው።

«ምን በር? ሜዳ ላይ ነዋ! ይህም ቢሆን ያቃጥላል፣ ትንፋሹም ጥሩ አይደለም። ነፋስ በጀርባህ ሆኖ ነው የምትሠራው።»

አያሌው ራሱን ነቀነቀ። ሜዳ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ወርቅ! እኔ ድስቴን ጥዬ መጣሁና መሀላቸው ቆምኩ። ሆዴን ያዝኩ፤ ሆነ ብዬ ነው። «አንድ ጊዜ ሞክረው፣ ለኔ ብለህ» አልኩት። በመጨረሻ «አንድ ጊዜ» አለ። «የዘንድሮውን ጣሳ በሙሉ እሰጣችኋለሁ። ወርቅ ከወጣው ማሰሮዋን እተዋለሁ። ካልወጣው ግን ወደ ማሰሮዬ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አንቺም እሱም ስለዚህ ነገር ቃል እንዳትተነፍሱኝ።» ሰይድ እጁን ዘረጋና መዳፍ ለመዳፍ ተመታቱ። አያሌው አንድ ጊዜ ካለ አንድ ጊዜ ነው፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለኔ ያ ጣሳ የባሌ ዕድሜ ነበር።

ሰይድ አሲዱን ከገላባት የባትሪ ሱቅ ገዝቶ፣ ሣር በተጎዘጎዘ እንጨት ሣጥን ውስጥ አቁሞ እንደ ሕፃን ታቅፎ አመጣው። ተጥሎ የነበረ የትራክተር ባትሪ አድሶ ወፍጮ ቤቱ ሞተር ላይ ሞላው። ከሌላ አሮጌ ባትሪ እርሳስ አውጥቶ ቀጥቅጦ ሳህን አስመሰለው። የመዳቡን ቅርጫት የሠራው አያሌው ነው። እንዳይሳካ የሚመኘው ሥራ ነበር፤ እጁ ግን ክፉ ሥራ መሥራት አይችልምና ሽቦውን እንደ ጉትቻ አድርጎ ሸመነው። ሰይድ ቅርጫቱን አገላብጦ እያየ «ማሻ አላህ፣ ይህንን አሲድ ውስጥ መክተት ግፍ ነው» አለ። አያሌው ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቁርቁራው ሥር ተሰናዱ። አያሌው ዙሪያውን በሰሊጥ ጭድ ልጠረው ብሎ ነበር፤ ሰይድ ነፋሱ አይታጠርም ብሎ እምቢ አለ። ተከራክረው ተከራክረው በመንገዱ በኩል ብቻ፣ እስከ ደረት ድረስ እንዲታጠር ተስማሙ። የሚያልፈው ሰው ታዲያ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ እያደረገ «እንዴት ዋላችሁ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» ይላል፤ አያሌው ጥርሱን ያፋጫል። ሰይድ የላስቲክ ጓንት አጠለቀ፣ የትራክተር ነጂ መነጽር ለአያሌው አደረገለት። አንድ ባልዲ ውሃ በቀኝ፣ አንድ ባልዲ አመድ በግራ አስቀመጠ፤ አመዱ አሲድ ከፈሰሰ እላዩ ላይ የሚነሰነስ ነው። ለእኔ ደግሞ «አንቺ እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ነሽና ከዚያ ከደጃፉ ሆነሽ እይ። ደግሞ አደራ፣ ሞቆት ነው ብለሽ ውሃ እንዳትጨምሪበት። ውሃ እላዩ ላይ ከፈሰሰ ይፈነዳል፤ ማቅጠን ሲያስፈልግ አሲዱን ነው ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ የምናፈስ» አለኝ። ሽቦውን ሲያያይዝ የአሲዱ ፊት አረፋ ማውጣት ጀመረ። እርሳሱ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ይፈላል። ቢጫ ሆኖ የገባው አዝራር ትንሽ ቆይቶ ሲወጣ ደብዝዞ ይወጣል። አያሌው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። ቀና ብሎ «ቅቡስ ሄደ፤ ወርቁ ግን የት አለ?» አለ። ሰይድ ወደ ብርጭቆ ዕቃው ግርጌ አመለከተው። እኔ ከሩቅ ሆኜ አልታየኝም።

እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳለሁ የተረፈውን ሥራ ጨረሱ። ሰይድም በቀትር መኪና ወደ እርሻው ተመለሰ። አያሌው ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ነግሬያችኋለሁ፣ ቅርጽ ሳይዝ ለሚስት አይነገርም። እኔም ጨዋ ሚስት ነኝ፣ አልጠየቅሁም።

ሰኞ ማለዳ አያሌው ማቅለጫ ቦራክስ አልቆበት ወደ ገላባት ተሻገረ። እኔ ቤት ልጠርግ ተነሣሁ። የሥራ መደቡ ሥር ጎንበስ ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ፣ ቀይ አበባ ያለበት ነጭ ጎድጓዳ ሳህኔ፣ የእንግዳ ሳህኔ፣ ግርጌው በጥቁር ጭቃ ተለቅልቆ፣ እላዩ ላይ ድፍርስ ውሃ ቋጥሮ! ደሜ ፈላ። እነዚህ ወንዶች የተገኘውን ዕቃ ሁሉ ባትሪያቸው ውስጥ ይነክራሉ ብዬ፣ እየተሳደብኩ፣ አንሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።

የመተማን መሬት ለማያውቅ ልንገር። ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ከደጃፌ ፊት ለፊት እንዲህ ያለ አንድ ስንጥቅ ነበረ፤ የዕቃ እጣቢ ሁልጊዜ የምደፋው እዚያ ነው፣ ዶሮዎቹ እንዳይጨቀዩብኝ። ሳህኑን ገለበጥኩት። ጭቃው ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ጥቁር በጥቁር ላይ፣ ወዲያው ጠፋ። አሁን ሳስበው ሲወርድ ከበድ ብሎ ነበር፤ ያኔ ግን ማን ልብ ይላል። ከዚያ አመድና አሸዋ ይዤ ሳህኔን ፈተግሁ። ግርጌው ላይ ነጩ ቀለም የተላጠበት ቦታ ነበረው፣ የጥፍር ያህል። እሱ ላይ ጥቁሩ አልለቅ ብሎኝ ጠበቅ አድርጌ ስፈትገው አንዲት መስመር አበራች። ቢጫ። እንደገና ፈተግሁት፤ ይበልጥ አበራ። የወርቅ ሠሪ ሚስት ነኝ፣ ያን ቢጫ ከምንም አላምታታውም። ሳህኑን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ።

ምን እንዳደረግሁ አሁንም ስናገረው ያሳፍረኛል። አለቀስኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። ከስንጥቁ አፍ ላይ ዋልካ አፈር በእፍኜ ዘግኜ ሳህኑ ውስጥ ጨመርኩ፣ ውሃ ጠብ አደረግሁበት፣ አማሰልኩት። ቁርጥ ያ ጭቃ! ወስጄ ሥራ መደቡ ሥር መለስኩት። አያሌው ያቀልጠዋል፣ ምንም አይወጣውም፣ ጥፋቱ የባትሪው ይሆናል። እኔን ማንም አይወቅሰኝም። የዓመት ልፋቱን ስንጥቅ ውስጥ የደፋች ሚስት ተብዬ እስከ ዕድሜዬ ልክ አልጠራም።

አያሌው መጣ። ቦራክሱን አስቀመጠ። ከሰሉን አቀጣጠለ፣ ወናፉን ያዘ። የዚያን ዕለት ቀስ ማለቱ ትዝ ይለኛል። ከሰሉን አንድ በአንድ እየመረጠ ይደረድራል። የማቅለጫ ጽዋውን ይጠርጋል፣ ያስቀምጣል፣ አንሥቶ ደግሞ ይጠርጋል። በሩን እንደ ልማዱ ዘግቶታል፤ እኔን ግን «ውጪ» አላለኝም። ያ እንግዳ ነገር ነበር፤ ጭንቅ ላይ ስለነበርኩ አላስተዋልኩትም። ሳህኑን አወጣ፣ ውሃውን አፈሰሰ፣ አፈሩን በማንኪያ አነሣ።

«ልጨምረው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

ማሰሮዋ ከጥጉ ተቀምጣለች። ያቺ አንገተ ሸራፋ። ከሰሉ ሲጨስበት አያሌው ሳለ። ሆዴ ውስጥ ልጄ ተገላበጠች።

«የሺ፣ ልጨምረው ወይ?» አለ ዳግመኛ።

«ተው!» አልኩ። «አፈር ነው። ዋልካ ነው! ወርቅህን እኔ ነኝ የደፋሁት!»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳህኑን፣ ስንጥቁን፣ አፈሩን። እየተንሰቀሰቅሁ «ባትሪው አልበደለም፤ ሰይድ አልዋሸህም፤ ወርቁ ወጥቶ ነበር፤ ምታኝ ከፈለግህ፣ ወደዚያች ማሰሮ ግን አትመለስ» አልኩት። አያሌው ማንኪያዋን አስቀመጠ። ከዚያ «ሳህኑን እጠቢና አምጪው» አለ። አጥቤ አመጣሁ። ቢጫዋን መስመር በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጎ መፈተኛ ድንጋዩ ላይ አሻት፤ አሲድ ጠብ አደረገባት። አልጠፋችም። ድንጋዩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፣ አራቀው፣ አሁንም አስጠጋው። «ያ ጥቁር ጭቃ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ተነሣ። ጨርቁን ከበሩ ሽንቁር እየነቀለ አወጣ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ስንጥቁን በማግስቱ ቆፈርነው፤ ዐርብም ሰይድ መጥቶ ቆፈረ። ሰይድ ነገሩን ሲሰማ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ነው የሳቀው። «አብሽሪ፣ ወርቁ አልሞተም፣ ከመሬት ወጣ ወደ መሬት ገባ» ይለኛል። ስንት ባልዲ አፈር አጠብን፤ ያ ደቃቅ ነገር ከዋልካ ጋር ከተጣበቀ በኋላ የመርፌ ራስ የምታህል እንኳ አላገኘንም። አያሌው ቃሉን ጠበቀ። ማሰሮዋን ቁርቁራው ሥር በጎኗ አስተኛት፣ ዶሮዬ እንቁላል ጣለችባት። ከዚያ በኋላ ቅብ ሲጠራቀም ደጅ፣ ነፋስ በጀርባው፣ ሕዝብ በአጥር ላይ እያየው ሠራ። ዓይን ያረፈበት ወርቅ ሸሽቶ አላየንም። ሳሉ ቶሎ አልሄደም፤ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ልጄ ተወለደች፣ አሳደጋትም፣ ዳራትም። ሰይድን አንድ ጊዜ እርሻው ወደ ሌላ አገር አዛወረው፤ ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር፣ በኋላ ቀረ። የት እንዳለ ባውቅ ብርጭቆውን ይዤ እሄድ ነበር።

የባጃጁ ሹፌር «እማማ፣ አለቀ፣ ይግቡ» አለኝ። ባትሪ ቤቱን ዘወር ብዬ አየሁት፤ በሩ እንደከፈትኩት ነው። መንገዱን በሙሉ ደግሞ አንድ ሌላ ቀን ነው የማስበው። አያሌው ካረጀ በኋላ፣ እዚሁ ገንዳ ውሃ፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ሳህኑን ከመደርደሪያ አውርጄ አቧራውን እጠርጋለሁ። ቢጫዋ መስመር እስከ ዛሬ አለች። እሱ ከደጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

«የሺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ» አለ።

«አንተን ተቆጥቼ መቼ አተረፍኩ?»

«ያኔ አይቼሽ ነበር።»

«ምኑን?»

«ስትደፊው። ገንዘቡን ረስቼ ከመንገድ ተመልሼ ነበር፣ ከጭድ አጥሩ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ነበርሁ። ስትደፊው አየሁ፣ ስትፈትጊ አየሁ፣ አፈሩን ስትዘግኝም አየሁ፤ ቦራክሱንም በዱቤ ይዤ መጣሁ።»

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት! «አይተህ ነው አፈር ልታቀልጥ ከሰል ስትደረድር የነበርከው?»

«ያ ጥቁር ጭቃ ወርቅ ነው ሲለኝ ሰይድን አላመንኩትም ነበር» አለ። «ስትደፊው እፎይ ነው ያልኩት። አሁን ምንም አይወጣም፣ ነገሩ ይቀራል፣ ወደ አባቴ ማሰሮ እመለሳለሁ አልሁ። ማንም አይጨቀጭቀኝም። ዝም ብትዪ ኖሮ እጨምረው ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ፤ ሦስተኛ አልጠይቅሽም ነበር።»

ቁጭ አልኩ። እሱን፣ ነጭ ጺሙን፣ ሙሉ ትከሻውን አየሁት። ከዚያ ተነሥቼ በያዝኩት የአቧራ ጨርቅ መታሁት፤ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ራሱን። «አንተ ክፉ! ሠላሳ ዓመት ያሳፈርከኝ አንሶ ዛሬ ትነግረኛለህ!» እያልኩ። አያሌው በሁለት እጁ ራሱን ሸፍኖ መሳቅ ጀመረ። ከሆዱ ተነሣ፣ ትከሻውን አነቃነቀው፣ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ በአጥር ብቅ አለ። እኔ እየመታሁ፣ ሳይታወቀኝ ጆሮዬን ጥዬ እንደ ዱሮው ሳሉን ስጠብቅ ነበር። አልመጣም። ሳቁን እስከ መጨረሻው ሳቀው።